የሰዓት ለውጥ እና የቀን ስሌት፦ አዲስ አበባ ላይ የማይታይ ስህተት

የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመልስ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም እንውሰድ። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው፤ ይህም ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። ተጠቃሚው አንድ ቀን ሲያስገባ ፕሮግራሙ ከመነሻው ዕለት እኩለ ሌሊት እስከ ተሰጠው ዕለት እኩለ ሌሊት ያለፉትን ሴኮንዶች ይቆጥራል፤ ድምሩን ለ86,400 ያካፍላል፤ ቀሪውን ይጥላል፤ ያገኘውን የቀን ብዛት በታኅሣሥ 23 ላይ ይደምራል። አዲስ አበባ ባለ ኮምፒውተር ላይ ለሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 የሚሰጠው መልስ መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ትክክል ነው። ይኸው ፕሮግራም አንድም ፊደል ሳይለወጥበት ዋሽንግተን ዲሲ ባለ ስልክ ላይ ሲሠራ ግን ለዚያው ዕለት ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ይላል። እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ዘገየች።

ምክንያቱ በሒሳብ ሲታይ ቀላል ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 11 ያሉት ቀናት 253 ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀን 24 ሰዓት ቢሆን 6,072 ሰዓታት ይሆናሉ። ዋሽንግተን ውስጥ ግን ማርች 9 ቀን ሌሊት ሰዓት አንድ እርምጃ ወደፊት ተገፍቷል፤ ስለዚህ በሁለቱ እኩለ ሌሊቶች መካከል ያለፉት 6,071 ሰዓታት ብቻ ናቸው። ይህም 252 ቀን ከ23 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ቀሪውን ሲጥል 23 ሰዓት አብሮ ይጣላል። ስህተቱ ከማርች 10 እስከ ኖቬምበር 2 ድረስ ባለው እያንዳንዱ ዕለት ላይ ይታያል፤ ኖቬምበር 3 ቀን ራሱን በራሱ ያርማል። በታኅሣሥ ወር የቀረበን አቤቱታ በዚያው ወር ለማጣራት የተቀመጠ ባለሙያ ምንም ጉድለት አያገኝም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ስህተት ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ከተቀናጀው ዓለም አቀፍ ሰዓት (ከዚህ በኋላ ዩቲሲ) በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ አይገፋም፤ አይመለስም። በመሆኑም እዚህ የተጻፈና እዚህ የተፈተሸ ኮድ አንድ ቀን ሁልጊዜ 24 ሰዓት ነው ብሎ ቢያስብ የሚያስተባብለው ነገር የለም። የሚያስተባብሉት ተጠቃሚዎች ሌላ አገር ናቸው፤ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚሠሩ የምርምር ቡድኖች፣ ከእነዚያ አገሮች የተገኘን መረጃ የሚተነትኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች።

በዚህ ጽሑፍ ወራትና ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓታትም 00:00 እኩለ ሌሊት በሆነበት የ24 ሰዓት አጻጻፍ ተቀምጠዋል። ስለ ስያሜም አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዞች «የሰመር ሰዓት» የሚሉትን አንዳንዶች «የበጋ ሰዓት» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ ትርጉም የኢትዮጵያን አንባቢ ያሳስታል፤ እነርሱ ሰዓታቸውን በገፉበት በሐምሌና በነሐሴ እኛ ክረምት ላይ ነንና። እዚህ «የተገፋ ሰዓት» እና «መደበኛ ሰዓት» የሚሉት ቃላት ተመርጠዋል።

የሕጎቹ ልዩነት

በዩናይትድ ስቴትስ አብዛኛው ክፍል ሰዓት የሚገፋው በማርች ሁለተኛ እሑድ 02:00 ላይ ሲሆን፣ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ 02:00 ላይ ነው። ይህ ሥርዓት የጸናው ከ2007 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ከኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለውጡ የሚደረገው በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች፣ በሁሉም ዘንድ በአንድ ቅጽበት፣ በ01:00 ዩቲሲ ነው። እስራኤል ከማርች የመጨረሻ እሑድ በፊት ባለው ዓርብ ትጀምራለች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አይለውጡም። በዚህም የተነሣ አዲስ አበባ ዋሽንግተንን አንድ ጊዜ በ7፣ አንድ ጊዜ በ8 ሰዓት ትቀድማለች፤ ለንደንን በ2 ወይም በ3 ሰዓት፤ ከኢየሩሳሌም ጋር ደግሞ የዓመቱን ገሚስ በላይ አንድ ሰዓት ላይ ናት፣ በቀሪው በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከዱባይ ጋር ያላት የአንድ ሰዓት ልዩነት አይለወጥም።

እርምጃው ሁልጊዜ አንድ ሰዓት፣ ጊዜውም ሁልጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ብሎ መገመትም አያዋጣም። የአውስትራሊያዋ ሎርድ ሃው ደሴት ሰዓቷን የምትገፋው በ30 ደቂቃ ነው። ግብፅ በ2023 ሥርዓቱን ስትመልስ ለውጡ በኤፕሪል የመጨረሻ ዓርብ ልክ 00:00 ላይ እንዲሆን አድርጋለች፤ ስለዚህ ካይሮ ውስጥ በዚያ ዕለት 00:00 የሚባል ሰዓት የለም፤ ዕለቱ የሚጀምረው በ01:00 ነው። ቀንን «የዚያ ዕለት እኩለ ሌሊት» አድርጎ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም በዚህ ዕለት የሚያስቀምጠው ነገር ያጣል።

በአንድ ቃል የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

የችግሩ ሥር፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ በዕለት ንግግር «ጊዜ» ወይም «ሰዓት» ተብለው የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ዓይነት እሴት መያዝ ነው። የመጀመሪያው ቅጽበት ነው፦ በመላው ዓለም አንድ የሆነ፣ አንድ ድርጊት የተፈጸመበት ነጥብ። ሁለተኛው የአካባቢ ቀንና ሰዓት ነው፦ ሰዎች በቀጠሮ ደብተር የሚጽፉት፣ ትርጉሙ በቦታና በቦታው ሕግ ላይ የተመሠረተ። ሦስተኛው ቆይታ ነው፦ በሁለት ቅጽበቶች መካከል ያለፈ የጊዜ መጠን። የልደት ቀን ወይም የበዓል ቀን ደግሞ ሰዓት እንኳ የለውም፤ ቀን ብቻ ነው። የመግቢያው ፕሮግራም የተሳሳተው ቀንን ወደ ቅጽበት፣ ቅጽበትን ወደ ቆይታ፣ ቆይታን መልሶ ወደ ቀን ስለለወጠ ነው። ከመጀመሪያው ከቀን ወደ ቀን ቢሄድ ኖሮ፣ ማለትም ሁለቱንም ቀናት ወደ ጁልያን ቀን ቁጥር ለውጦ ቢቀንስ፣ ሰዓት የሚባል ነገር በስሌቱ ባልገባ ነበር።

ቀሪውን በመጣል ፈንታ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ይበቃል የሚሉ አሉ። ለዋሽንግተኑ ምሳሌ ይበቃል፤ 252.96 ወደ 253 ይጠጋል። ነገር ግን ሳሞአ በ2011 መጨረሻ ከዓለም አቀፉ የቀን መስመር አንዱ ወገን ወደ ሌላው ስትሻገር ዲሴምበር 30ን ጨርሳ ዘልላዋለች። በአፒያ ከዲሴምበር 29 እኩለ ሌሊት እስከ ዲሴምበር 31 እኩለ ሌሊት 24 ሰዓት ብቻ አለፈ። ማጠጋጋት 1 ይላል፤ የቀን መቁጠሪያ 2 ይላል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚወስነው ጥያቄው ነው፦ የሆቴል ሌሊት የሚቆጥር ሰው አንዱን፣ የውል ቀነ ገደብ የሚያሰላ ሌላውን ይፈልጋል።

የቆይታና የአካባቢ ሰዓት መደባለቅ በገንዘብ የሚታየው በሌሊት ተረኞች ላይ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ከምሽቱ 22:00 እስከ ማለዳ 06:00 የምትሠራ ነርስ በኖቬምበር 1 ቀን 2025 ምሽት ገብታ በማግሥቱ ስትወጣ የሠራችው 9 ሰዓት ነው፤ በማርች 8 ምሽት ብትገባ 7 ሰዓት ነው። በፓይተን ቋንቋ ሁለቱ እሴቶች አንድ የቀጣና መግለጫ የሚጋሩ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የሚገኘው የሰዓቶቹ ንባብ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ በሁለቱም ሌሊቶች መልሱ 8 ነው። ስህተት አይዘግብም፤ የቋንቋው ሰነድ ያዘዘውን ነው የፈጸመው። ትክክለኛውን ቆይታ ለማግኘት ሁለቱንም አስቀድሞ ወደ ዩቲሲ መለወጥ ያስፈልጋል። በጃቫ 8 የገባው የጊዜ ጥቅል ግን ሁለቱን ስሌቶች ለይቶ ይይዛል፦ «ፕላስ ዴይስ» በቀን መቁጠሪያ ላይ ይራመዳል፤ «ፕላስ አወርስ» ባለፈው ትክክለኛ ጊዜ ላይ ይራመዳል። አንድ ቀን መጨመርና 24 ሰዓት መጨመር እዚያ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ይህ አነስተኛ የሚመስል ልዩነት ለፕሮግራም ጸሐፊው የትኛውን እንደሚፈልግ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን አካሄድ ይመርጣል።

የጎደለው ሰዓት እና የተደገመው ሰዓት

ሰዓት በተገፋበት ሌሊት ከ02:00 እስከ 03:00 ያለው ጊዜ በዋሽንግተን የለም። በተመለሰበት ሌሊት ደግሞ ከ01:00 እስከ 02:00 ያለው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ «01:30» የሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያውን ይሁን ሁለተኛውን አይገልጽም። ፓይተን ይህን ለመለየት ከ3.6 ጀምሮ «ፎልድ» የሚባል 0 ወይም 1 የሚሆን ምልክት ጨምሯል። ለጃቫስክሪፕት የተዘጋጀው «ቴምፖራል» ደግሞ ጸሐፊው ቀዳሚውን፣ ተከታዩን፣ የተለመደውን አሠራር ወይም ጭራሽ እንቢታን እንዲመርጥ ያስችላል። መሣሪያው የትኛውም ይሁን፣ ምርጫው የፕሮግራሙ ባለቤት ውሳኔ መሆን አለበት። ለማንቂያ ደወል የተለመደው አሠራር ይበቃል፤ ለሕክምና መዝገብ ግን ተጠቃሚውን መልሶ መጠየቅ ይሻላል።

እዚህ ላይ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያመልጥ አንድ ወጥመድ አለ። በየዕለቱ 02:30 ላይ የሚሠራ ተግባር በጃቫ ተዘጋጅቷል እንበል፤ የሚቀጥለው ጊዜ የሚሰላው ባለፈው ላይ አንድ ቀን በመጨመር ነው። ማርች 8 ቀን 02:30 ላይ አንድ ቀን ሲጨመር ማርች 9 ቀን 02:30 ይሆናል፤ ይህ ሰዓት ግን ስለሌለ ጥቅሉ በጎደለው መጠን ወደፊት ገፍቶ 03:30 ያደርገዋል። በ03:30 ላይ እንደገና አንድ ቀን ሲጨመር ማርች 10 ቀን 03:30 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ተግባሩ ወደ 02:30 አይመለስም። የአንድ ሌሊት ማስተካከያ ዘላቂ ለውጥ ሆነ። መፍትሔው እያንዳንዱን ተከታይ ጊዜ ከቀዳሚው ሳይሆን ከመጀመሪያው መነሻ ማስላት ነው፦ በመነሻው ላይ 1 ቀን፣ 2 ቀን፣ 3 ቀን እያሉ መጨመር።

በየሰዓቱ የተመዘገበ መረጃ ለሚተነትኑ ተመራማሪዎችም ሁለቱ ሌሊቶች አደጋ አላቸው። በአካባቢ ሰዓት የተጻፈ የሆስፒታል ገቢዎች መዝገብ በሰዓት ሲጠቃለል፣ በኖቬምበሩ ሌሊት የ01:00 ረድፍ የሁለት ሰዓት ድምር ይይዛል፤ ያልነበረ ጭማሪ ይመስላል። በማርቹ ሌሊት ደግሞ 02:00 ባዶ ይሆናል፤ የጎደለ እሴት ለመሙላት የተለመደው ዘዴ ሲተገበር ባልነበረ ሰዓት ላይ መረጃ ይፈጠራል። መዝገቡ ከዩቲሲ ያለውን ልዩነት ሳይጽፍ ከተቀመጠ ደግሞ የተደገመውን ሰዓት በእርግጠኝነት መለየት ከዚያ በኋላ አይቻልም። እንዲህ ያለ መረጃ የሚሰበስብ ሰው መሣሪያውን ከመጀመሪያው በዩቲሲ ቢያዘጋጅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

«ሁሉን በዩቲሲ አስቀምጥ» የሚለው ምክር

ከላይ የተባለው ለተፈጸመ ድርጊት እንጂ ገና ለሚመጣ ቀጠሮ አይሠራም። በፕሮግራም ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው የሚነገረው «ሁሉን በዩቲሲ አስቀምጥ፣ ስታሳይ ብቻ ወደ አካባቢ ሰዓት ለውጥ» የሚል ምክር ግማሽ እውነት ነው። ያለፈ ድርጊት ቅጽበት ነው፤ ሕግ ቢለወጥ እርሱ አይለወጥም። የወደፊት ቀጠሮ ግን የአካባቢ ቀንና ሰዓት ነው፤ ከዩቲሲ ጋር የሚያገናኘው ሕግ እስከዚያ ድረስ ሊሻር ይችላል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። ግብፅ በ2016 ሊጀመር ጥቂት ቀናት የቀሩትን የሰዓት ለውጥ ሰርዛለች። ሞሮኮ በ2018 ሰዓቷን ልትመልስ ሁለት ቀን ሲቀራት በተገፋው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ለመቆየት ወሰነች፤ በረመዳን ወር ግን ትመልሰዋለች፤ ስለዚህ የሞሮኮ ሕግ በጨረቃ አቆጣጠር ላይ የተመሠረተ ነው። በሊባኖስ በማርች 2023 መንግሥት ለውጡ እንዲዘገይ ያዘዘው ከመፈጸሚያው ሦስት ቀን በፊት ነበር፤ ትእዛዙን አንዳንድ ተቋማት ሲቀበሉ ሌሎች አልተቀበሉም፤ አገሪቱ ለጥቂት ቀናት በሁለት ሰዓት ስትመራ ቆይታ ውሳኔው ተሻረ። በእነዚህ አገሮች ለሚቀጥለው ወር 09:00 የተያዘን ቀጠሮ በአሮጌው ሕግ ወደ ዩቲሲ ለውጦ ያስቀመጠ የመረጃ ቋት፣ አዲሱ ሕግ ሲጫንበት ቀጠሮውን 08:00 ወይም 10:00 አድርጎ ያሳያል። ተጠቃሚው የጻፈው «09:00» የሚለው ንባብ ራሱ ጠፍቷል፤ የሚመለስበት ማስረጃ የለም። በአሜሪካም ሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በማርች 2022 የተገፋውን ሰዓት ቋሚ የሚያደርግ ረቂቅ አሳልፎ ነበር፤ በተወካዮች ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ጉዳዩ ገና ያልተዘጋ ነው።

ለቀጠሮ መቀመጥ ያለበት የአካባቢው ቀንና ሰዓት ከቀጣናው ስም ጋር ነው፤ ስሙም እንደ «አሜሪካ/ኒውዮርክ» ያለ ቦታን የሚጠራ እንጂ «ከዩቲሲ 5 ሲቀነስ» የሚል ቁጥር መሆን የለበትም። ለመደርደርና ለፍለጋ የዩቲሲውን እሴት አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሕግ በተለወጠ ጊዜ ግን እርሱ እንደገና የሚሰላ ቅጂ ነው። ተሳታፊዎቹ በሁለት አገር ሲሆኑ ቀጠሮው በየትኛው ሰዓት እንደሚታሰር መጠየቅ ግድ ይሆናል። ሐሙስ ሐሙስ 17:00 በአዲስ አበባ የሚደረግ የጋራ ሴሚናር በተገፋው ሰዓት ወቅት ለዋሽንግተን 10:00 ነው፤ ከኖቬምበር በኋላ 09:00 ይሆናል። በዋሽንግተን 10:00 ከታሰረ ደግሞ እኛ ከ17:00 ወደ 18:00 እንሄዳለን፤ ከለንደን የሚገቡ ሰዎችም በማርች 2025 ለሦስት ሳምንታት ከልማዳቸው አንድ ሰዓት ቀድመው ሊገኙ ይገባ ነበር፤ አሜሪካ ማርች 9፣ ብሪታንያ ማርች 30 ነበር የለወጡት። ይህን ጥያቄ ሶፍትዌር ሊመልሰው አይችልም፤ ሊጠይቅ ግን ይችላል።

የቀጣናዎች መዝገብ እና የኢትዮጵያ ቦታ በውስጡ

ሕጎቹ ሁሉ የሚገኙት በአርተር ዴቪድ ኦልሰን በተጀመረውና ከ2011 ጀምሮ በአያና ሥር በሚጠበቀው የቀጣናዎች የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ስልኮች፣ ሰርቨሮችና የፕሮግራም ቋንቋዎች ቅጂውን ይዘው ይኖራሉ፤ ቅጂዎቹ በአንድ ጊዜ አይታደሱም። አሮጌ ስልክ የያዘ ተጠቃሚና የታደሰ ሰርቨር በአንድ ቀጠሮ ላይ የአንድ ሰዓት ልዩነት ሊያሳዩ የሚችሉት በዚህ ነው።

ለታሪክ ተመራማሪዎች የሚጠቅም አንድ ነጥብ እዚህ ይጨመራል። ይህ መዝገብ ሙሉ ለመሆን የሚጥረው ከ1970 ወዲህ ላለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆነ ቦታዎች በአንድ ስም ሥር ይጠቃለላሉ፤ «አፍሪካ/አዲስ አበባ» የሚለው ስም ዛሬ «አፍሪካ/ናይሮቢ» ወደሚለው የሚያመለክት ነው። ለዛሬ ሥራ ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ነገር ግን በ1930ዎቹ በአዲስ አበባ የተላከ ቴሌግራምን ሰዓት ወደ ዩቲሲ የሚለውጥ ሰው የሚሰጠው መልስ የቅኝ ግዛት ዘመን ናይሮቢ ሕግ እንጂ የአዲስ አበባ አይደለም።

የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጠራ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ደግሞ የራሳቸው ፈተና አለባቸው። ቀላሉ መንገድ አቆጠራውን «ከዩቲሲ 3 ሲቀነስ» የሆነ ቀጣና አድርጎ ማስመሰል ነው፤ 08:00 የነበረው 2 ሰዓት ሆኖ ይታያል። ይህ መንገድ ሁለት ነገር ያበላሻል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተፈጸመው ሁሉ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። ዋሽንግተን ያለ ሰውም «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲል 02:00 ማለቱ ነው፤ የሚከተለው እዚያ ያለውን፣ የሚገፋና የሚመለስ ሰዓት ነውና በቁርጥ ቁጥር አይያዝም። አቆጠራው የማሳያ ሥርዓት ነው፤ ስሌቱ ካለቀ በኋላ በአካባቢው ሰዓት ላይ ስድስት ሰዓት ተቀንሶ የሚጻፍ።

ስለ ፍተሻ

ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። የፍተሻው ኮምፒውተር ቀጣና ወደ «አሜሪካ/ኒውዮርክ» ይለወጥ፤ ያው ፍተሻ በ«አፍሪካ/ካይሮ»፣ በ«አውስትራሊያ/ሎርድ ሃው» እና በ«ፓሲፊክ/አፒያ» ይደገም። የሚመረጡት ቀናት ሰዓት የሚገፋባቸውና የሚመለስባቸው ዕለታት፣ ከእነርሱ አንድ ቀን በፊትና አንድ ቀን በኋላ ያሉት ይሁኑ፤ ለአፒያ ደግሞ የ2011 የመጨረሻ ሳምንት። ፍተሻው የዛሬን ቀን ከኮምፒውተሩ ከማንበብ ይልቅ ቀኑ ከውጭ እንዲሰጠው ይደረግ፤ አለበለዚያ በጥቅምት የወደቀው ፍተሻ በታኅሣሥ ያልፋል። ለመግቢያው ፕሮግራም የሚበቃው ፍተሻ አንድ መስመር ነው፦ በኒውዮርክ ቀጣና ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆን እንደሆነ መጠየቅ።